ውኃ የሚጠጣው ኮምፒውተር

ካርቶኑ ከደሴው አውቶቡስ ጣሪያ ወርዶ በባጃጅ እቤት ሲደርስ ሰገነት ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ ካርቶኑ እስኪከፈት ድረስ ብቻ ቆየ። ፕላስተሩን በመቀስ ቀድዳ፣ ስፖንጁን አንስታ የኮምፒውተሩን ጎን ስታይ መቀሱ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። ጎኑ መስታወት ነው። በመስታወቱ ውስጥ ወፋፍራም ቱቦዎች እንደ በግ አንጀት ተጠማዘዋል፤ ከቱቦዎቹ አጠገብ ጠርሙስ የመሰለ ማጠራቀሚያ ቆሟል፤ ማጠራቀሚያው ላይ ደግሞ በጣት የሚዞር ክብ መክደኛ አለ። ከካርቶኑ ጥግ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ጠርሙስ ወጣ።

«አየር ነው ያልኩት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «በአማርኛ ነው የነገርኩት።»

በእርግጥም ነግራዋለች። ደሴ ላይ ኮምፒውተር እየገጣጠመ የሚሸጠው ታላቅ ወንድሟ እንዳልካቸው በስልክ ሲጠይቃት፣ «ፕሮሰሰሩ ላይ ትልቅ ብረትና ፋን ያለበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ይሁንልኝ» ብላዋለች። ጽፋም ልካለታለች፣ ከነፎቶው። እሱም «እሺ» ብሏል። ደሟን ያፈላው ውኃው አልነበረም፤ «እሺ»ው ነበር። እምቢ የሚልን ሰው ይከራከሩታል። እሺ ብሎ የፈለገውን የሚያደርገውን ግን ምን ይሉታል?

ሰገነት መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ የፎቶና ቪዲዮ ቤት አላት። እስከ ከላላ ድረስ በጥር የተሞሸረ ሰው ብዙው በእሷ ካሜራ ፊት አልፏል፤ ሙሽራን ቀና በል እያለች ስትቆጣ የሚያውቃት አገር ነው። ይህ ኮምፒውተር ግን ለሠርግ አልነበረም። ለአባቷ ነበር።

አባቷ የኔታ ኃይለ ማርያም የዜማ መምህር ናቸው። ከመምህራቸው የተቀበሉት፣ መምህራቸውም ከመምህራቸው የተቀበሉት የዐቢይ ጾም ዜማ አለ፤ የድምፁ አጣጣልና የመቋሚያው አነሣስ ከሌላው ቦታ የሚለይ። ተማሪዎቻቸው ከዚያም ከዚህም ይዘው ሄደዋል፤ ሙሉውን የያዘ ግን የለም። ገሚሱ አዲስ አበባ ገባ፣ ገሚሱ ትምህርቱን ትቶ ሌላ እንጀራ ፈለገ። አሁን ደግሞ የኔታን ጉሮሯቸውን አሟቸዋል። ደሴ ያየቻቸው ሐኪም ድምፃቸው እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ጨርሶ እንደሚጠፋ ነገረቻቸው። ቀኑን አልነገረቻቸውም፤ እሷም አታውቀውም።

ስለዚህ ሰገነት አባቷን እቤታቸው ውስጥ መቅረጽ ጀመረች። አንዱ ካሜራ ፊታቸውን፣ ሌላው እጃቸውንና መቋሚያውን፣ ማይክራፎኑ ድምፃቸውን ይይዛል፤ ሁሉም የሚገባው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የኔታ በአንድ ማለዳ ከአንድ ዜማ በላይ አቅም የላቸውም። የድሮው ኮምፒውተር ደግሞ ግለት ሲበዛበት ይጠፋል። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ዜማው ከፍ ወደሚልበት ሲደርሱ፣ ድርግም! የዚያ ቀን ድካም እንዳልነበረ ሆነ ማለት ነው። «በመካነ ሰላም ብርድ ኮምፒውተር ይሞቃል ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር» ይላሉ የኔታ፣ ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው እየሳቡ። ሰገነት አትስቅም። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ከአባቷ ጉሮሮ ላይ እየተቀነሰ መሆኑን ታውቃለች።

ስለ ማቀዝቀዣው የተደረገው ክርክር ራሱን የቻለ ጉድ ነው። እንዳልካቸው ውኃ ይሻላል አለ። ፋን ይጮኻል፣ ጩኸቱም ማይክራፎን ውስጥ ይገባል፤ የመካነ ሰላም አቧራ ብረቱን ይደፍነዋል፤ ውኃ ግን ግለቱን ጸጥ ብሎ ወስዶ ራዲያተሩ ላይ ያራግፈዋል፣ መኪና ውስጥ እንዳለው። ሰገነት ደግሞ ፋን ቢሞትብኝ ሌላ ፋን ገዝቼ በገዛ ካቻቢቴዬ እቀይረዋለሁ፣ አቧራውንም በብሩሽ እጠርገዋለሁ፣ ቱቦ ቢያፈስብኝ ግን ማን አለኝ አለች። ቀዝቃዛ አየር እንደሆነ እዚህ አገር በመስኮት የሚገባ ነው፤ ፓምፕ አይፈልግም።

የኔታ ይህን ሁሉ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሲሰሙ ቆይተው ዓይናቸው በራ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲከራከር ዳኝተዋል፤ ክርክር ካገኙ በሽታቸውን ይረሳሉ።

«እኔ ልፍረድ» አሉ።

«አባ፣ ይሄ የፍርድ ነገር አይደለም።»

«ያልፈረድኩበት ነገር የቱ ነው? ስሙኝማ። አየር የአጋንንት ማደሪያ ነው። ጌታ የተጠመቀው በውኃ ነው። ስለዚህ ውኃ።»

ከደሴ በኩል የእንዳልካቸው ሳቅ ተሰማ። «ተፈረደ!»

«እኔ ስለ ጥምቀት አልጠየቅኩም!» አለች ሰገነት። «ስለ ኮምፒውተር ነው የምናወራው። ሥራው የኔ ነው፤ የምነካውም የምጠግነውም እኔ ነኝ!»

«ለአባትሽ አትመልሺ» አሏት እናቷ ወርቅዬ፣ ከጓዳ። ነገሩ በዚያ አለቀ፤ ማለት ለእነሱ አለቀ። ሰገነት በማግስቱ ለወንድሟ ለብቻው ደውላ ያን ሁሉ ደግማ ነገረችው። ያቺን «እሺ» ያላትም ያኔ ነው።

መልሳ እንዳትልከው ጾሙ ገብቷል፤ የአባቷ ድምፅ አውቶቡስ እስኪመላለስ አይጠብቅም። ጥርሷን ነክሳ ተከለችው። እንዳልካቸው በስልክ እየመራት ሰማያዊውን ፈሳሽ በመክደኛው በኩል ስትሞላ፣ የኔታ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ይጠጣል እንዴ?» አሉ።

«ይጠጣል አባ» አለ እንዳልካቸው እየሳቀ። «ሲጎድልበትም ይጨመርለታል።»

«አቦ! ከድሮው ይሻላል በለኛ። ይሄስ አፍ አለው።»

ኮምፒውተሩ ሠራ። እውነቱን መናገር ነው፤ በደንብ ሠራ። አይጮኽም፣ አይግልም፣ አይጠፋም። ሰገነትን ከሁሉ በላይ ያበሳጫት ይኸው ነበር። እንዳልካቸው በደወለ ቁጥር «ውኃዬ እንዴት ነው?» ይላታል፤ «ደህና ነው» ትለዋለች፤ ስልኩን ዘግታ ብርጭቆ ታጥባለች። ስትናደድ የምትጮኽ ሴት አልነበረችም፤ የምታጥብ ነበረች። በዚያ ጾም እቤቱ ውስጥ ያለ ብርጭቆ ሁሉ አበራ። ጠዋት ጠዋት አባቷን ትቀርጻለች፤ ማታ ማታ የተቀረጸውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጣ ታስቀምጣለች።

ጾሙ ሲጋመስ ፈሳሹ ጎደል ማለቱን አይታ ለወንድሟ ነገረችው። «ይተናል፣ ያለ ነው» አላት። «ለፋሲካ ስመጣ ራሴ እሞላዋለሁ። አንቺ አትንኪው።»

አትንኪው! አልነካችውም። ትንሽ ቆይታ ስታየው ፈሳሹ መልሶ ከፍ ያለ መሰላት፤ ሰማያዊነቱም ደብዝዟል። ልትጠይቀው ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «አንቺ አትንኪው» የሚለውን ድምፅ ደግማ ለመስማት ሆዷ እምቢ አላት። ንዴት እንዲህ ነው፤ መጠየቅ ያለበትን ሰው አፍ ያሲዛል።

የሆሳዕና ዋዜማ የኔታ ሲያስሉ አድረው ማለዳ ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው የሆሳዕናውን ዜማ ሊያዜሙ ማይክራፎኑ ፊት ቆሙ። ሰገነት ዛሬ ይቅርብዎ አለቻቸው፤ በዓይናቸው ዝም አሰኟት። ጀመሩ። ከፍ ወደሚልበት ሲደርሱ እስትንፋሷን ዋጠች፤ ድምፃቸው ግን አልተሰበረም፣ ወጣ፣ እዚያው ላይ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ሰገነት ካሜራው ጀርባ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ እንባዋንም በቁጣ ጠረገችው፣ ፎከሱ እንዳይበላሽባት። ሲጨርሱ ተቀምጠው ውኃ ጠየቋት። የጠየቋት በእጃቸው ነበር። አፋቸውን ቢከፍቱም የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ገልብጣ ሳታስቀምጠው መብራት ጠፋ። ጠፍቶ ዋለ፣ ጠፍቶ አደረ፤ በሆሳዕናም አልመጣ። ሰኞ ማለዳ ሲመጣ ሮጣ ኮምፒውተሩን አበራችው። በመስታወቱ ውስጥ ሰማያዊው መብራት ቦግ አለ። ወዲያው ጧ አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ከሥሩም ውኃ በጠረጴዛው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሶኬቱን ነቅላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ብርጭቆ ልታጥብ እንኳ አልተነሣችም።

እንዳልካቸው በሕማማቱ መሐል ከደሴ መጣ። ሰሙነ ሕማማት ነውና መሳሳምም መጨባበጥም የለም፤ ጫማውን አውልቆ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። መስታወቱን ከፈተ፣ ማጠራቀሚያውን በባትሪ አየ፣ ጣቱን ሰዶ ከሥሩ የሆነ ነገር ዝቆ አወጣ። ቡናማ ዝቃጭ ነው፣ ከውስጡ የሣር ቁራጭ ያለበት።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም።»

«ምንም? ይሄ ምንድነው ታዲያ? ይሄ የምንጭ ውኃ ነው! ፓምፑን ደፍኖታል። መክደኛው በግማሽ ነው የተዘጋው፤ የፈሰሰው ሁሉ ዲስኩ ላይ ነው የወረደው!» ድምፁ እየከረረ ሄደ። «አትንኪው አላልኩሽም? እልህሽ ነው አይደል? አየር አየር ስትይ ከርመሽ፣ ውኃው ይበላሽልኝ ነው?»

«አልነካሁትም አልኩህ!»

«ዲስኩ ራሱ ነዷል፣ ገባሽ? የሆሳዕናው የለም! የአባባን ድምፅ በእጅሽ ቀበርሽው!»

ወርቅዬ «ኧረ በሞቴ፣ በሰሙነ ሕማማት» እያሉ በመሐላቸው ገቡ። ሰገነት ቃሉን በልቧ ደገመችው። ቀበርሽው። እሷ፣ ጾሙን ሙሉ በብርድ ተነሥታ ካሜራ ስትተክል የከረመችው!

ያኔ የመቋሚያው ጫፍ ወለሉን መታ። ሁሉም ዞሩ። የኔታ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው በጣታቸው ደረታቸውን ነኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። ትንፋሽ እንጂ ድምፅ ስላልነበረው ጠጋ ብለው ነው የሰሟቸው።

ከዚያ መቋሚያውን ወደ አልጋው ሥር ቀሰሩ። እዚያ ቢጫ ጀሪካን አለ። ለጉሮሯቸው ፈውስ ብለው ወርቅዬ ዳገቱን ወጥተው ወርደው ከምንጩ የሚያመጡላቸው ጠበል ነው። ጀሪካኑ ባዶ ነበር።

«ሲጎድልበት አየሁ» አሉ፣ በቃል በቃል መካከል እያረፉ። «ዜማው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ተራ ውኃ አይገባውም ብዬ፣ የመጣልኝን ለሁለት ተካፈልን። የሆሳዕናውን ያዜምኩ ለታ ድምፄ ሲሄድ ግን የቀረውን ሁሉ ሰጠሁት። እኔ ሟች ነኝ፤ እሱ ይዳን ብዬ። እጄ ተንቀጠቀጠብኝ መሰለኝ መክደኛው ላይ።»

የእንዳልካቸው ፊት ወዲያው ተለወጠ። ከአልጋው ሥር ተንበረከከ፣ ጉልበታቸውን ሊስም ብሎ ሕማማት መሆኑ ትዝ ሲለው ግንባሩን ብቻ ዝቅ አደረገ። ድምፁ እንደ ማር ሆነ።

«አብሽሩ አባ። ምንም አይደለም። በቅን ልብ ያደረጉት ነው። ዕቃ ነው እኮ፤ ዕቃ ይተካል።»

«ዕቃ ነው?» አለች ሰገነት።

ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

«ዕቃ ነው ነው ያልከው? አሁን፣ እዚሁ ቆመህ፣ እኔ ያደረግኩት ሲመስልህ የአባቴን ድምፅ ቀባሪ ነበርኩ። እሳቸው ሲሆኑ ዕቃ ሆነ? ይተካል? በል ተካው!»

«ሰጊ፣ ረጋ በይ እስቲ...»

«አልረጋም! አየር አልኩህ፣ እሺ አልከኝ። እምቢ ብትለኝ ደሴ ድረስ መጥቼ ራሴ እገጥመው ነበር። እዚህ ቤት አፍ ያለው ነገር ከተቀመጠ ማን ምን እንደሚያደርግበት የማውቀው እኔ ነኝ፤ እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ! አንተ የምትኖረው ስልክ ውስጥ ነው!»

«ሰገነት!» አሉ ወርቅዬ። «አባትሽ ፊት?»

«አዎ፣ አባቴ ፊት። ለሳቸውም አለኝ።» ወደ አልጋው ዞረች። «ተቆጥቻለሁ አባ። በእርስዎ ላይ ተቆጥቻለሁ። ፍረዱልኝ አላልኩዎትም ነበር። ጠበሉ ደግሞ የመጣው ለእርስዎ ጉሮሮ ነው። እማዬ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችውን ለብረት ያጠጡት ማን ፈቅዶልዎ ነው? ዜማው ይዳን አሉ። እኔ መቼ ዜማው ይዳን አልኩ? እርስዎ እንዲድኑ ነው የምፈልገው! ዜማውን የምቀርጸውም እርስዎን እንዳላጣ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ ለማን ብዬ ነው?»

የየኔታ ኃይለ ማርያም ተማሪዎች ከፊታቸው ሲወጡ ጀርባቸውን እንኳ አይሰጡም። ሰገነት ጀርባዋን ሰጥታ፣ በሩን ወርውራ ወጣች።

ስትመለስ የድሮውን ኮምፒውተር ከፎቶ ቤቷ በባጃጅ ጭና ነበር። ከማንም ጋር ሳትነጋገር ውኃው የሚንጠባጠብበትን ከጠረጴዛው ላይ አውርዳ ጥግ አስቀመጠችው። የድሮውን ጎን በካቻቢቴ ፈታች፣ ፋኑን ጠረገች፣ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ገፍታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። የደጋው ነፋስ ሰተት ብሎ ገባ። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናነቡ፤ ፋኑ መጮህ ጀመረ።

«ጩኸቱ ይገባብሻል እኮ» አለ እንዳልካቸው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይግባ!»

ማይክራፎኑን አስተካክላ አባቷን አየቻቸው። እየለመነቻቸው ነበር ያየቻቸው፣ ቁጣዋ ሳይበርድ። የኔታ ገባቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ቆሙ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ ወጣ። እንደገና ሞከሩ፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ የወጣው ግን ያው ትንፋሽ ነው። እጃቸውን አውርደው ወለሉን አዩ። ሰገነት አባቷ በሰው ፊት ሲያፍሩ አይታ አታውቅም ነበር።

ያን ማየት አልቻለችም። ማይክራፎኑን ወደ ራሷ አዞረችውና ጀመረች።

ዜማውን ታውቀዋለች። ልጅ ሆና ተማሪ ሲቀጽል በግድግዳ ማዶ ስትሰማ አድጋለች፤ በዚህ ጾም ደግሞ አባቷ በየማለዳው ሊቀረጹ ከመቆማቸው በፊት የሆሳዕናውን ቀስ አድርገው ለብቻቸው ሲያጠኑት ማይክራፎን እየተከለች ስትሰማ ከርማለች። ማንም ግን በይ ብሎ አላስተማራትም፤ ሴት ልጅ ማኅሌት አትቆምማ። ወርቅዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «የሆሳዕና ዜማ? በሕማማት?» አለ እንዳልካቸው፤ ማን እንደሚያዜመው ሊጨምር ብሎ ሳይጨምር ቀረ። ሰገነት አልሰማችውም። ቁጣዋን ይዛ ነው የምታዜመው፤ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ግን ይሄዳል። ከፍ ወደሚልበት ደረሰች፣ ወጣች፣ ሳተች፤ ድምፁ ተሰበረ።

መቋሚያው ወለሉን መታ።

አቆመች። እንዳልካቸውም ወርቅዬም አቁሚ ያሏት መስሏቸው የኔታን አዩ። የኔታ ግን ፊታቸው ላይ የነበረው ሐፍረት የለም፤ አልረባ ያለ ተማሪ ፊት ሲቆሙ የሚያሳዩት ቁጣ ነው ያለው። እጃቸውን አንስተው በአየር ላይ አሳዩዋት፤ እንደሱ አይደለም፣ እዚህ ጋ ቆይተሽ፣ ከዚያ ነው የምትወጪው። ከዚያ በጣታቸው ማዘዝ ጀመሩ። ከመጀመሪያው።

ከመጀመሪያው ጀመረች። እሷ ስትስት መቋሚያው ይመታል፤ እሳቸው ያሳያሉ፤ እሷ በተቆጣ ዓይን ታያቸዋለች፤ እሳቸውም መልሰው በተቆጣ ዓይን ያዩዋታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ወርቅዬ መስኮቱን ሊዘጉ ተነሥተው መልሰው ተቀመጡ። በመጨረሻ ሰገነት እስከ ላይ ወጥታ፣ እዚያው ቆይታ፣ ቀስ ብላ ስትወርድ መቋሚያው ዝም አለ። የኔታ አልጋቸው ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም።

እንዳልካቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የተቀረጸውን በጆሮ ማዳመጫ ሰማው። የእህቱ ድምፅ አለ፤ የመቋሚያው ምት አለ፤ ከሁሉም በታች የፋኑ ጩኸትና የመስኮቱ ነፋስ አለ። ሲጨርስ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ይቅር በይኝ» አላት። ማውሱን ጨበጠ። «ጎበዝ ነሽ። የፋኑን ድምፅ ግን ላጥፋልሽ?»

«አንተ አትንካው» አለችው።